በየት በኩል ነው የሚቆርጠው?

አባታችን ካረፉ ወዲህ ወንድምም አባትም ለሆኑኝ፣ ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ዓምደሚካኤል፤ ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም እየተንፏቀቁ ከባቡር ሆድ ሥር ይገባሉ? እትዬ ብርሃንነሽ እንደምን አሉ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የእናታችን ጉልበትስ? የድሬዳዋ ሙቀት እንደፈታላት ሲጽፉልኝ እዚህ ሆኜ እልል ብያለሁ፤ በዘንድሮው የጅማ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ከአልጋም ባልወረደች። እኛ ለአንድዬ ክብር ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ወይንሸት ደህና ናት። ልጃችን ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። እኔም ከእናንተ ናፍቆትና ከዚህ ከተረገመ ማሽን በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

መልስዎ ትናንት ዓርብ ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርዎትና፣ አንብቤ ስጨርስ ወርውሬው ነበር፤ ወይንሸት ናት አንስታ፣ አቧራውን አራግፋ የመለሰችልኝ። በጥቅምት መግቢያ «መፈልፈያው ቡናውን እያበላሸብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ብጽፍልዎት፣ እርስዎ አንድ መፍትሔ ሳይነግሩኝ የጥያቄ ዶፍ አወረዱብኝ። ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀየረ? በየት በኩል ነው የሚቆርጠው? አንተ ራስህ ምን ሞከርክ? ይህ ሳይበቃ ደግሞ «ሐኪም ቤት ሄደህ አሞኛል ብለህ ብቻ አፍህን ትዘጋለህ?» ብለው መረቁልኝ። ቤቴ ተቃጠለ ብዬ ውሃ ስለምን «የትኛው ክፍል?» ተብዬ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ። ደብዳቤ በጅማና በድሬዳዋ መካከል እንዴት እንደሚንከራተት ያውቃሉ። እሸት ቡና ደግሞ የእርስዎን መልስ አይጠብቅም። ጠዋት ተለቅሞ ማታ ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ከዚያ ወዲያ ሽታው አገር ያስለቅቃል።

አሁን ያለሁበትን ልንገርዎት። እንደሚያውቁት ፍሬው የሚላጠው በሚዞረው ዘንግና ከሥሩ ባለው ብረት መካከል ሲያልፍ ነው። መፈልፈያው ሁለት ጥፋት በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ግማሹን ፍሬ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ፍሬ ገንዳ ውስጥ ይጠቁርና የደህናውንም ዋጋ ያወርዳል። ግማሹን ደግሞ ቀይ ልጣጩን እንኳ ሳይነካ እንዳለ ያሳልፈዋል። ገበሬዎቹ በበቅሎም በጀርባም ተሸክመው ከየጋራው ወርደው ይሰለፋሉ፤ እኔ ማሽኑን አቁሜ ስጎረጉር ቡናቸው በቅርጫት ውስጥ ይሞቃል። መጀመሪያ «አይዞህ» ይሉኝ ነበር። አሁን ሰላምታዬንም የሚመልሱት በግድ ነው። አንዲት አሮጊት ትናንት ቅርጫታቸውን ከፊቴ አስቀምጠው፣ «ማሎ፣ እባክህ እሱባለው፣ አንተ ስትመጣ ነው ወይስ ማሽኑ ሲመጣ ነው ጥፋቱ የመጣው?» አሉኝ። 

የባሰው ግን የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ጎሳዬ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ ብልሽት ነው ወይስ አሻጥር?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ተቀመጠ። ጋሼ፣ ይህን ቃል እርስዎም ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዴ አሻጥር ከተባለ በኋላ ብልሽት ነው ብሎ የሚምል ሰው ሰሚ የለውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይንሸት በር በተንኳኳ ቁጥር ልጁን ብድግ ታደርጋለች።

ለዚህ ነው ሐሙስ ዕለት ጅማ የወረድኩት። ሄርማታ ገበያው ጥግ ያለችው የአዴ ኩልሱም ሻይ ቤት እርስዎ ከሄዱ በኋላ የወፍጮና የመፈልፈያ መካኒኮች መሰብሰቢያ ሆናለች። በገበያ ቀን ከአጋሮም ከሰቃም ከሊሙም የመጣ ሁሉ ችግሩን እዚያ ያራግፋል። ደንብ አላት። ጠያቂ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፣ ተቀመጥ እስኪሉት አይቀመጥም። የተጠረጠረውን ዕቃ ነቅሎ ማምጣት ከቻለ ጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ሻዩን የሚያጠጡት መካሪዎቹ ናቸው። ከጠያቂው የሚፈለግ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲድን ተመልሶ መጥቶ ምን እንዳዳነው ለሁሉም መንገር። የአንዱ ብልሽት ለሌላው ትምህርት የሚሆነው በዚህ ነው። ጥሩ ደንብ ነው፣ አልክድም። ሰዎቹ ናቸው እንጂ!

ቆሜ ጠየቅሁ። ያችኑ ለእርስዎ የጻፍኳትን ጥያቄ ነው የጠየቅሁት። መሐሙድ የሚባለው፣ በእጁ አዋቂነት አገር የመሰከረለት፣ ገና ሳልጨርስ «ብረቱን አጥብቀው» አለ። ጎኑ የተቀመጠው «ኧረ ያላላው እንጂ!» አለ። ሁለቱ እርስ በርስ ተያያዙና እኔን ረሱኝ። አንድ ሽማግሌ በጣሊያን ጊዜ ስለነበረ ወፍጮ ረጅም ታሪክ ጀመሩ፤ ወፍጮው መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላው ደግሞ «ይህን የማያውቅ ሰው ማን ነው ማሽን ላይ ያስቀመጠው?» ብሎ ቤቱን አሳቀው። እኔ አሁንም ቆሜያለሁ። ተቀመጥ ያለኝ የለም።

እንዲህ ያለ ንቀት ለምን ብዬ ብጠይቅ መሐሙድ ምክንያቱን ነገረኝ። አምና አባቦራ የሚባል፣ በጌራ መንገድ ካለ ሌላ ቡና ማጠቢያ የመጣ ኦፕሬተር፣ ልክ እንደ እኔ «ይቆርጣል፣ ያሳልፋል» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ያን ቀን ሙሉ ሥራ ፈትተው መከሩት፤ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥቼ እነግራችኋለሁ ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። «ወላሂ መልሱን አግኝቶ ዝም አለን» አለኝ መሐሙድ፣ «ከዚያ ወዲህ የእሸት ቡና ሰዎችን መምከር ትተናል።» እኔም በልቤ ያንን አባቦራን ረገምኩት። በእሱ ጥፋት እኔ ምን በወጣኝ ቆሜ ይሳቅብኝ?

ተመልሼ አጠበቅሁት፤ ቆረጣው ባሰ። አላላሁት፤ ሳይፈለፈል የሚያልፈው ባሰ። ከመካከል አደረግሁት፤ ሁለቱም እንደነበሩ ተመለሱ። ትናንት ደግሞ ጓድ ጎሳዬ መጥቶ «ሰኞ የወረዳ ሰዎች ማሽኑን ያዩታል» አለኝ። የሚያዩት እኔን እንጂ ማሽኑን እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለዚህ ዛሬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማሽኑ ጎን ተቀምጬ ጥያቄዎችዎን አንድ በአንድ እየመለስኩልዎት ነው። እውነቱን ለመናገር ከእልህ ነው የምመልሰው፤ ሌላ ጊዜ ሰበብ እንዳያገኙብኝ። ምን ተቀየረ ላሉት፦ ባለፈው ክረምት ማሽኑን የላከልን መሥሪያ ቤት ዘንጉን የሚሸከም አዲስ ኩሽኔታ ከነቤቱ ሰጥቶን በሞተሩ በኩል ያለውን አሮጌውን አውጥቼ ተክቻለሁ፤ በወንዙ በኩል ያለው የድሮው ነው። አዲስ ስለሆነ እሱን የሚጠረጥር የለም። ምን ሞከርክ ላሉት፦ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ። በየት በኩል ነው የሚቆርጠው ላሉት፦ በሁሉም በኩል ነው።

ይህን ጽፌ «አይተህ ነው?» እንደሚሉኝ አወቅሁ። አይቼ እንዳልሆነም አወቅሁ። የሚወጣው ሁሉ አንድ ቦይ ውስጥ ስለሚወርድ ተደባልቆ እንጂ ተለይቶ አይቼው አላውቅም። ልነሣና ልይልዎት፤ ከዚያ እቀጥላለሁ።

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ካቋረጥኩ ብዙ ነገር ሆኗል። ዛሬ ዓርብ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ለእናታችን አያንብቡላት።

ያን ቀን ከቦዩ በላይ፣ ከማሽኑ አፍ ሥር ሁለት ቅርጫት አስቀመጥኩ፤ አንዱን በሞተሩ በኩል፣ አንዱን በወንዙ በኩል። ከዚያ ጥቂት እሸት ጨመርኩበት። በሞተሩ በኩል ባለው ቅርጫት የተቆረጠ ፍሬ ብቻ ወረደ። በወንዙ በኩል ባለው ያልተፈለፈለ እሸት ብቻ ወረደ። እዚያው ተቀመጥኩና ሳቅሁ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። ማሽኑ መች ጠበቀ፣ መች ላላ! ተንጋዶ ነው እንጂ። አዲሱ የኩሽኔታ ቤት ከድሮው ዝቅ ያለ ስለሆነ ዘንጉ በሞተሩ በኩል ወርዶ ብረቱን ይጠጋል፣ በወንዙ በኩል ይርቃል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ጫፍ እኩል ሳጠብቅ እኩል ሳላላ ኖርኩ። ከዘይት ጣሳ ላይ ቆርቆሮ ቆርጬ ከቤቱ ሥር ደራርቤ አስገባሁ፣ ዘንጉ ተስተካከለ፣ ፍሬው እንደ ዕንቁ ጥርት ብሎ ወረደ።

የወረዳ ሰዎች ሰኞ መጡ፣ የሚሠራ ማሽን አዩ፣ ሄዱ። ጓድ ጎሳዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር» አለ። አሮጊቷም ቅርጫታቸውን አራግፈው መረቁኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ እኮ አልደበቅሁም፣ የት እንደሚያመኝ የጠየቀኝ አጣሁ እንጂ! ያ ሁሉ አዋቂ መልሱን ለመወርወር ሲሽቀዳደም አንድ ሰው «በየት በኩል?» ቢለኝ ኖሮ የዚያ ሁሉ ገበሬ ቡና ባልሸተተ። ከሩቅ ሆነው የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የእርስዎንም ወረወርኩት። ይሁን።

ትናንት ሐሙስ እንደ ደንቡ ልነግራቸው ሄርማታ ሄድኩ። አልዋሽዎትም፣ ላሳፍራቸውም ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ሁሉም «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ማለት ጀመረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሐሙድ ግን ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። የኩሽኔታው ቤት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቀኝ። ግራጫ ነው አልኩት። አባቦራም አምና ግራጫ የኩሽኔታ ቤት ነቅሎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮላቸው ነበር አለ። «አዲስ ስለሆነ ወደ ጎን ገፋነውና ስለ ብረቱ ተከራከርን» አለ።

ታዲያ አባቦራ አሁን የት ነው አልኩ።  የሚያውቅ አልነበረም። አዴ ኩልሱም ሻይ ሲቀዱ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ታስሯል» አሉ። «እዚህ መጥቶ በሄደ በዚያው ሳምንት ነው የወሰዱት። ማሽን ሆን ብሎ ሰብሯል ተብሎ።» ሚስቱ ሀዋ በየሐሙሱ በርበሬ ልትሸጥ ትመጣለች፣ ሻይዋን በጓሮ በር ተቀምጣ ትጠጣለች፤ እነዚህ ሰዎች «አባቦራ መልሱን አግኝቶ ጠፋ» እያሉ ሲያሙት ከጀርባ ሆና ትሰማለች አሉ። መሐሙድ እንደ መቆጣት ብሎ፣ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም አላቸው። አዴ ኩልሱም ማንቆርቆሪያውን መልሰው አነሡና «ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ጋሼ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልጻፍልዎት? ዓመት ሙሉ! ሰውየው ቆሞ ጠየቀ፣ ዕቃውን አመጣ፣ ደንቡን ሁሉ ጠበቀ። ያልመጣው ስላልቻለ ነው። ወዴት ደረሰ ብሎ አንድ ሰው መጠየቅ እንዴት ያቅተዋል? እኔም ሳላውቀው ረግሜዋለሁ።

ሀዋ በጓሮው በር ነበረች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግራት ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርግ ሴት ናት። ማሽኑ እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው አለችኝ፤ ማስረጃ ነው ተብሎ ቤቱ ተቆልፏል። ስለ ኩሽኔታው ስነግራት አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ይህን ለእኔ እንደነገርከኝ ላሰሩት ሰዎች ትነግርልኛለህ?» አለች።

እነግራለሁ አልኳት። ቤት ስገባ ወይንሸት ሰምታ ራሷን ያዘች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ አንተ ተርፈሃል፣ ልጅ አለህ አለችኝ። አልፈርድባትም። አባቦራ ጥፋተኛ አይደለም ማለት ዕቃውን የላከው መሥሪያ ቤት ተሳስቷል ማለት ነው፤ አሻጥር የሚለው ቃል ደግሞ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። የሻይ ቤቱም ጀግኖች አብረን እንሂድ ስላቸው ሻያቸውን ያማስሉ ጀመር። አንዱ ሠርግ አለብኝ አለ፣ ሌላው እግሬን አመመኝ አለ። እሺ ያለኝ መሐሙድ ብቻ ነው። «ኢንሻአላህ ሰኞ አብረን እንሄዳለን፣ ዕቃው ፊቴ ተቀምጦ ያላየሁት እኔ ነኝ» አለ። ቁልፉ እንዲከፈትልንና ከማሽኑ ሥር ሁለት ቅርጫት እንድናስቀምጥ እንጠይቃለን። በዓይናቸው ይዩት።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላምጣ፤ አሁንስ ጎደለው እንደማይሉኝ ተስፋ አለኝ። የምፈራው፣ የኩሽኔታው ቤት ዝቅ ማለቱን ሲያዩ አባቦራ ራሱ በሞረድ ሞርዶት ነው እንዳይሉ ነው። የእኔን ነቅዬ ገልብጬ አየሁት። ግራጫው ቀለም ከሥሩም እንዳለ ነው፤ ብረቱ ሻካራ ነው፤ የሞረድ ጭረት የለበትም። የሁለቱ መጠን ይለያይ እንደሆነ አላውቅም፤ የእሱን ገና አላየሁትም። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ብረት ሲያቀልጡና ሲሞርዱ ኖረዋል። በእሳት ሲቀልጥ ጀምሮ ዝቅ ብሎ የወጣን ብረትና በኋላ በእጅ የተሞረደን፣ ማሽን ለማያውቅ ሰው በምን አድርጌ ለይቼ ላሳየው? ከቀለሙ ሌላ የማየው ነገር አለ? መልስዎን በቴሌግራም ያድርጉልኝ፤ ሰኞ ባይደርስልኝም አንድ ቀን ብቻ የሚበቃው ጉዳይ አይመስለኝም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ምክንያቱ ይገባዎታል፤ ቡና ጭኖ የሚወጣው ሾፌሩ ሸኩር አዲስ አበባ ላይ ለሚያምነው ሰው ይሰጥልኛል።

እትዬ ብርሃንነሽን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ልጅዎን ፋንቱን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ትምህርቷን እንዳትተው። ጎረቤታችሁን እማማ ወርቂቱን፣ ለእናታችን ውሃ የሚቀዱላትን፣ እግዜር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ማሽኑ ዳነለት፣ ልጁም ጥርስ አወጣ ብለው ይንገሯት፤ ሌላውን ይተዉት። ወይንሸት ብትቆጣኝም ለሁላችሁም ሰላምታዋን ልካለች።

ጋሼ፣ ወሬዬ ከጠፋብዎ ሥራ በዝቶበት ነው ብለው አይቀመጡ። ተነሥተው ይጠይቁ። ስሜን ጠርተው ይጠይቁ፣ የት እንደሄድኩ፣ ከማን ጋር እንደሄድኩ፣ ስለ ምን እንደሄድኩ ጠቅሰው ይጠይቁ። አላየነውም ቢሉዎት ሌላውን ይጠይቁ።

ታናሽ ወንድምዎ
እሱባለው

አጋሮ፣ ከፋ ክፍለ ሀገር
ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.